ለቆላው አደንም ለከተማው ኑሮም የሚሆን አንድ መኪና

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ቢሮዬና የልጆቼ ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ በቀን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቴ ሐረር ስለምትኖር በወር ሁለት ጊዜ ሄደን እንጠይቃታለን፤ አንዳንዴም ይዘናት እንመለሳለን። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ስላለኝ ደግሞ በወር አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ወደ ቆላው ወርደን ቆቅና ጅግራ እናድናለን። ይህ ጉዞ ደርሶ መልስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 40 ያህሉ ኮረኮንችና የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው። እስካሁን በአጎቴ አሮጌ ላንድ ሮቨር ስንሄድ ቆይተን አሁን ሸጠውታል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሃያ ዓመት ያለፈው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይገዛል፤ ዕድሜው ከዚያ ያነሰ ትንሽ ፎር ባይ ፎርም ይገዛል፤ ቪትዝ ከሆነ ደግሞ ይተርፋል። ደላላው «ሃይሉክስ ገንዘብ ነው፣ ዋጋው አይወድቅም» ይለኛል። የባለቤቴ ወንድም «ቤንዚኑን አስብ፣ ቪትዝ ይበቃሃል» ይለኛል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ኪሎ ሜትሩን ዘርዝረው መጻፍዎ ብዙ ሰው ሳይመልስ ወደ ገበያ የሚወጣበትን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶልናል። እርስዎ በዓመት የሚነዱትን አብረን እንደምረው። የቢሮውና የትምህርት ቤቱ መንገድ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት ሃምሳ ሳምንት ቢታሰብ 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በወር ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ በዓመት 2,640 ይመጣል። የአደኑ ጉዞ 1,920 ነው። በጠቅላላው ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከአስፋልት ወጥተው የሚሄዱበት 480 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ ሰባት እጅ መሆኑ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሁለቱንም መካሪዎችዎን ክርክር ይለውጡታል። ቪትዝ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ አነስተኛ ፎር ባይ ፎር 8 ሊትር፣ የደከመ ደብል ጋቢና ደግሞ 12 ሊትር ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ ለ7,000 ኪሎ ሜትር እንደየቅደም ተከተላቸው 420፣ 560 እና 840 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በቪትዝና በአነስተኛው ፎር ባይ ፎር መካከል ያለው ልዩነት በወር 12 ሊትር እንኳ አይሞላም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ባለ ታክሲ ነዳጁ ሁሉን ይወስናል፤ እንደ እርስዎ ጥቂት ለሚነዳ ሰው ግን ወጪው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም መኪናው ውስጥ በሚታሰረው ገንዘብ፣ በጎማው፣ በመለዋወጫውና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚያልፈው ቀን ነው። የባለቤትዎ ወንድም አሳቢ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ነገር ግን የሚያሳስባቸው ወጪ ከወጪዎችዎ ሁሉ ትንሹ ነው።

መለዋወጫን በሚመለከት ያለንበት ጊዜ ከቀድሞው የተለየ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ገበያው ላይ የሚገኙት ቀድሞ የገቡት ብቻ ናቸው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። በመሆኑም ዛሬ ርካሽ መኪና ማለት መለዋወጫው ድሬዳዋ ውስጥ የሚገኝ፣ ባሕርዩንም የድሬዳዋ መካኒክ የሚያውቀው መኪና ማለት ነው። ለዚህ ሐረርን ማየት ይበቃል። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ፋብሪካው ከተወው ከብዙ ዓመታት በኋላም በሐረር ጎዳናዎች ታክሲ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል። መኪናው ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ያህል ያቆየው ግን የከተማው ባለሙያዎች እያንዳንዱን ብሎን ለይተው ማወቃቸውና የጠፋውን ዕቃ ከሌላው እያወጡ ማስተካከላቸው ነው። ስለዚህ መኪና ከመምረጥዎ በፊት መካኒክ ይምረጡ፤ ከዚያም ላሰቡት ሞዴል ራዲያተር፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታና የፊት አሞርዛተር ዋጋቸው ስንት እንደሆነና ዛሬ በእጅ መኖራቸውን መለዋወጫ ቤቶች እየዞሩ ይጠይቁ። ከአራቱ ሁለቱ «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ከተባሉ ያንን ሞዴል ይተዉት።

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንምጣ። ቪትዝ ለከተማውና ለሐረሩ መንገድ እንከን የለውም፤ ቆላውን ግን አይችልም። ሆዱ ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኮረኮንቹ ላይ ከባድ መኪና ባሰመረው ቦይ መሃል የሚቀረው ጉብታ በቀላሉ የሞተሩን ዘይት ቋት ያገኘዋል። ከአስፋልት ሩቅ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት የዘይት ቋት መበሳት ከብልሽትነት አልፎ ለሰውም አደጋ ነው። አደኑን ካልተዉ በስተቀር ቪትዝን ከዝርዝርዎ ያውጡት።

ሃይሉክስን ማንም አይንቀውም፤ ደላላውም ዋጋው አይወድቅም ሲሉ ሐሰት አልተናገሩም። በሻንሲ ላይ የተሠራ፣ ከኋላ በባሌስትራ የቆመ፣ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጭነት እንዲሸከም የታሰበ መኪና ነው። ችግሩ ግን እርስዎ የሚጭኑት ነገር የለዎትም። የሚያድኑት አጋዘን ቢሆን ኖሮ የኋላው ክፍት ቦታ ያስፈልግዎ ነበር፤ ቆቅና ጅግራ ግን በረዶ የተሞላ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ሙቀትና አቧራ ደግሞ ሥጋው ከተከፈተ ስፖንዳ ይልቅ ከጋቢናው ውስጥ ሆኖ ቢመለስ ይሻላል። ባዶውን የሚሄድ ፒካፕ ኋላው ቀላል ስለሚሆን ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ አሸዋ ላይም ፎር ባይ ፎሩ ካልገባ ኋላ ጎማው ቶሎ መቅበር ይጀምራል። እናትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆነ የድሮው ደብል ጋቢና የኋላ ወንበር ቀጥ ያለና ጠባብ መሆኑን፣ ከሐረር ድሬዳዋ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ወገብ እንደሚያደክም አይርሱ። ከሁሉም በላይ ግን በእጅዎ ያለው ገንዘብ ሃይሉክስ ሲገዛ የሚገዛው የሃይሉክስን ስም ነው፤ የሃያ ዓመት ጭነት ያየ ሻንሲ፣ የተጠገነ ካምቢዮና የተበላ ዲፈረንሻል ከስሙ ጋር አብረው ይመጣሉ። በዚያው ገንዘብ የሚገኘው አነስተኛ መኪና ግን ገና ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል።

ከአነስተኞቹ መካከል ለአደን ብቻ ቢሆን ሱዙኪ ጂምኒን ያለ ማመንታት አመለክትዎ ነበር። ትንሽ ይምሰል እንጂ ሻንሲ ያለው፣ ሎው ማርሽም (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ማርሽ) ያለው፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ አሸዋና ድንጋይ ላይ ትልልቆቹን የሚያሳፍር መኪና ነው። ነገር ግን የሚይዘው አራት ሰው ሲሆን፣ አራቱ ከተቀመጡ ደግሞ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ እርስዎ ከባለቤትዎ፣ ከሁለት ልጆችዎና ከእናትዎ ጋር አምስት ነዎት። ራቭ ፎር ለቤተሰብ ይመቻል፤ ኮረኮንቹንም ይችላል፤ ነገር ግን ሎው ማርሽ የለውም፤ ዋጋውም በስሙ የተነሣ ከፍ ያለ ነው።

የእኔ ምርጫ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ ነው፤ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩ፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳውና አራቱም ጎማ የሚሠራው። ቶዮታ ራሽ የሚባለውም ይኸው መኪና በሌላ ስም ነው። ሆዱ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አምስት ሰው ይይዛል፤ ጎማው ከፒካፕ ጎማ ያነሰ ስለሆነ አራቱን መቀየር ቤተሰብ የሚያናጋ ወጪ አይሆንም። ፎር ባይ ፎር የሆነው ሞዴል ኃይሉን ዘወትር ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍል ሲሆን፣ አሸዋ ሲገቡ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የመሃል ዲፈረንሻል በአንድ ቁልፍ ይቆልፉታል። ሎው ማርሽ የለውም፤ ይህ ጉድለት ነው፤ ድንጋያማ ዳገት ዘወትር የሚወጡ ከሆነ ሎው ያለውን ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ቢፈልጉ ይሻላል፤ ከበድ ያለና ነዳጅም ትንሽ የሚጨምር ነው። የእርስዎ 40 ኪሎ ሜትር ግን እንደ ገለጹልኝ ኮረኮንችና አሸዋ ነው፤ ተሳፋሪዎቹም እርስዎና አጎትዎ ብቻ ናችሁ። ለዚህ ቴሪዮስ ይበቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ቴሪዮስም ሆነ ራሽ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ሆኖም የተሠራ ሲሆን፣ ይህና ፎር ባይ ፎሩ ከውጭ ሲታዩ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ሻጩ ራሱ ሳያውቀው «ፎር ባይ ፎር ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ ገብተው ይመልከቱ፤ ወይም መካኒኩ ይመልከት። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ መሃል የሚገቡ ዘንጎች ካሉ አራቱም ጎማ ይሠራል፤ የፊት ጎማዎቹ መሃል ባዶ ከሆነ ግን ከፍ ያለ የከተማ መኪና ነው፤ አይግዙት።

የኤሌክትሪክ መኪናን ለምን አላነሣሁም እንዳይሉ፦ ለቢሮና ለትምህርት ቤቱ መንገድ እጅግ ርካሽ ነው፤ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የደንገጎ ዳገት ቁልቁል ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ቆላ ወርዶ ለመመለስ ግን መንገድ ላይ የሚሞላበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ በዋጋችን ከሚገኙት አብዛኞቹም በሁለት ጎማ የሚነዱና ባትሪያቸው ከሆዳቸው ሥር የተዘረጋ በመሆኑ ለድንጋይ አይመከሩም።

አሁን ደግሞ ያገኙትን መኪና እንዴት እንደሚፈትኑ ልንገርዎ፤ በዚህ ነገር እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ሌላው የሌለው ዕድል አለን፤ ደንገጎ አለልን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መንገዱ ወደ ሐሮማያ ሲወጣ 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አየሩ በሳሳ ቁጥር የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስለሚያጣ፣ ድካሙን የደበቀ ሞተር እዚያ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ሻጩ መኪናውን ሳያስነሡ እንዲጠብቁዎት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ መሞቅ ካለፈ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ አራት ሰው ጭነው፣ ኤሲውን ከፍተው ዳገቱን ይውጡ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ከፍ ብሎ ካልተመለሰ ወይም ኤሲው ሲጠፋ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ራዲያተሩ ተዘግቷል፤ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። ማርሽ እንደገባ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ጮሆ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከላይ ሲደርሱ ያቁሙና ኮፈኑን ይክፈቱ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን በፍጹም አይንኩ፤ በትርፍ ውኃ መያዣው ውስጥ አረፋ ወይም የዘይት ቅባት መኖሩን ብቻ ይዩ።

ቁልቁለቱን በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየቆጠቡ ይውረዱ። ማርሹ በቁልቁለት ራሱን ችሎ ከወጣ ካምቢዮው ተበልቷል። ከታች ሲደርሱ ወርደው የእያንዳንዱን ጎማ ቸርኬ ሳይነኩ በእጅዎ ጀርባ ቀረብ ብለው ሙቀቱን ይመዝኑ፤ ሦስቱ ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ብቻ እሳት ከሆነ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። ይህ ሁሉ ሦስት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ደንገጎን ለመውጣት ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ካጋጠመዎ ምክንያቱን አይመርምሩ፤ ወደ ሌላ መኪና ይሂዱ።

ወደ ከተማ ከተመለሱ በኋላ ምንጣፎቹን አንሥተው ከሥራቸው፣ እንዲሁም ስኮርት ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ደለል መኖሩን ይመልከቱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰብንን ሐዘን የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም፤ ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የገባባቸው መኪናዎች ታጥበው ገበያ ይወጣሉ። ውኃ የጠጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዛሬ ቢሠራ ከወራት በኋላ ቆላው ውስጥ ያቆምዎታል። በሰነዱም በኩል የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥዎን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ሳያዩ ቀብድ አይስጡ።

ከግዢው የሚተርፍዎት ገንዘብ ካለ አብዛኛውን ጎማ ላይ ያውሉት። ከከተማችን በታች ያለው ቆላ በግራርና ፕሮሶፒስ በሚባለው እሾሃማ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ እሾሁ ለሳሳ የከተማ ጎማ አይመለስም። ጎኑ ወፍራም የሆነ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ተብሎ የተሠራ አራት ጎማ፣ አምስተኛውን ጨምረው ይግዙ። ለአሸዋው ትልቁ መድኃኒት ሞተር ሳይሆን የጎማው አየር ነው፤ የደረቀ ወንዝ ከመግባትዎ በፊት ከ30 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ወደ 18 ወይም 20 ቢቀንሱት ጎማው ተዘርግቶ ስለሚረግጥ አይቀበርም፤ አስፋልት ላይ ከመውጣትዎ በፊት ግን በባትሪ በሚሠራ ትንሽ መንፊያ መልሰው ይሙሉት፤ አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፤ ይፈነዳልም። የመሃሉን ዲፈረንሻል መቆለፊያም ከአሸዋው እንደወጡ ይፍቱት። ክሪክዎ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚያኖሩት ሰፊ ጣውላ፣ አካፋና ለአንድ ሰው 10 ሊትር ውኃ ይያዙ። አቧራው ስለሚበዛ የአየር ፊልትሮውን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አውጥተው ያራግፉት። ላይኛው አገር ዝናብ መያዙን ካዩ ደግሞ ወንዙ ደረቅ ቢሆንም አይግቡበት፤ ጎርፉ እርስዎ ካሉበት ሰማይ ሳይመጣ ይደርሳል።

ስለ አደኑ ራሱ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለዎት በመጻፍዎ ደስ ብሎኛል፤ በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነውና። በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው የእንስሳ ዓይነትና ቦታ አይውጡ። የመሣሪያው ፈቃድም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ በመሆኑ ከአደን ፈቃዱ ጋር ሁለቱንም በእጅዎ ይያዙ፤ ኬላ ላይ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ፤ ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ በመያዣው ታስሮ ከኋላ ይቀመጥ፤ ጥይቱ ለብቻው ይሁን። ልጆች በሚያመላልሱበት መኪና ውስጥ አንድ ቀለህ እንኳ ወንበር ሥር ተረስቶ እንዳያድር ከአደን ሲመለሱ በባትሪ ብርሃን ፈትሸው ይግቡ። ከሐረር ወደ ባቢሌ የሚወስደው መንገድ አስፋልቱ ማራኪ መሆኑ አያታልልዎ፤ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተከለለው ለእነዚያ ዝሆኖች ነውና ጠመንጃ ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ መኪናንም ከመንገዱ አውጥቶ ቁጥቋጦውን መጨፍለቅ ለእንስሳቱ ጉዳት ነው።

ደህና ቴሪዮስ በአንድ ሳምንት ላይገኝ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ለቢሮው ባጃጅ ይበቃዎታል፤ የሚቀጥለውን አደን ካላስቀሩት ደግሞ ለአንድ ቀን መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተው ቢሄዱ በችኮላ ከሚገዙት መኪና ይረክሳል። ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ካሉዎት ይውሰደው፤ አጎትዎ ለዓመታት ላንድ ሮቨር ነድተዋልና ደንገጎን የሚወጡበት ቀን ከጎንዎ እንዲቀመጡ ይጠይቋቸው፤ ሞተሩን የሚሰማው ሁለተኛ ጆሮ እሳቸው ይሁኑ።